ባዶ የሚመስል መስታወት፦ ከደብረ ብርሃን እስከ ሆለታ

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20፦ ደብረ ብርሃን፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ደረስኩ። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው እኛ ጋ እውነት ነው። ሦስት ጠፍጣፋ ሣጥኖች ይዣለሁ። በየሣጥኑ ሁለት ሁለት መስታወት አለ፤ ቁመታቸው 90፣ ወርዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር። እንዳይጋጩ በከተማችን ብርድ ልብስ ጠቅልያቸዋለሁ።

ያዘዘኝ ሆለታ አጠገብ ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ላሉት ሦስት መስኮቶች የሚሆን ሥራ ፈልገው ነበር። «ሳይንስ ያለበት፣ ልጆች ቆም ብለው የሚያዩት ነገር» አሉኝ። ከዚያ ውጪ ምንም አላሉኝም። እኔም በፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚወዛወዝ ብርሃን፣ እሠራዋለሁ አልኩ። ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ውጪኛው መስታወት ላይ ፖላራይዝ የሚያደርግ ስስ ፊልም ተለጥፏል። ሥዕሉ ያለው ውስጠኛው ላይ ነው። ቀለም ግን የለውም። የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ነው፤ ያ ጥርት ያለው፣ ሱቅ ውስጥ 100 ብር የሚሸጠው። በምላጭ እየቆረጥኩ፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረብኩ፣ በአንደኛው አደይ አበባ፣ በሁለተኛው ቀፎ፣ በሦስተኛው ንብ አወጣሁ። ሁሉም ፕላስተር አይሆንም። አምስት ዓይነት ገዝቼ ሞክሬያለሁ። ሲመረት በደንብ የተለጠጠው ነው ቀለም የሚያወጣው።

በባዶ ዓይን ሲያዩት ፕላስተር የተለጠፈበት መስታወት ነው፣ በቃ። ሁለተኛ ፊልተር፣ ማለትም ሌላ የዚያው ፊልም ቁራጭ፣ ዓይን ፊት ሲደረግ ግን ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ አረንጓዴው ይፈካል። የተለጠጠው ፕላስቲክ ብርሃኑን ለሁለት ይከፍለዋል። አንዱ ክፍል ከሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። የትኛው ቀለም እንደሚወጣ የሚወስነው የድርቡ ብዛት ነው። ፊልተሩን ሩብ ዙር ስታዞሩት ቢጫ የነበረው ሰማያዊ ይሆናል።

ረዳቱ ሣጥኖቹን አይቶ «ይሄ እኮ የሰው ቦታ ይይዛል» አለ። ለራሴ 350፣ ለሣጥኖቹ 300 ብር ከፈልኩ። ጣሪያ ላይ አላስጭንም ብዬ ከኋላ ወንበር ጀርባ አቆምኳቸው።

ሰንዳፋ መግቢያ ላይ ሾፌሩ አንዱን ጉብታ ሳያየው ሄደበት። ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሳን። ከኋላ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሆዴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። እስከ ለገጣፎ ድረስ ሣጥኖቹን ለመክፈት ድፍረት አጣሁ።

ለገጣፎ የአክስቴ ልጅ ቤት አረፍኩ። የጽጌን ጾም ትጾማለች። ሽሮ፣ ጎመንና የተልባ ፍትፍት አቀረበች። ቡናው በፈንዲሻ ነው። እኛ ጋ ቢሆን የገብስ ቆሎ ነበር። ከሁለተኛው ሲኒ በኋላ ሣጥኖቹን ከፈትን። አበባውና ቀፎው ደህና ናቸው። የንቧ ውጪኛ መስታወት ከጥግ እስከ ጥግ ተሰንጥቋል። ፊልሙም አብሮ ተቀዷል። ሥዕሉ ያለበት ውስጠኛው ግን ተርፏል።

«ተይ፣ እቃ ነው፤ ሰው ተርፏል» አለችኝ። ትክክል ነች። ግን እንባዬ መጣ።

የ10 ዓመት ልጇ የተቀደደውን ፊልም ቁራጭ አንስቶ «ይሄ ምን ያደርጋል?» አለ። ስልኬን ከፍቼ ነጭ ገጽ አወጣሁለት። የስልክ ስክሪን ብርሃን ከመነሻውም ፖላራይዝድ ነው። የትምህርት ቤት ማስመሪያውን በስክሪኑና በፊልሙ መሃል እንዲይዝ ነገርኩት። ያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ሳሙና አረፋ በቀለም ተከበበ። ልጁ ማስመሪያውን ቀስ ብሎ ጎበጥ አደረገው። ቀለሞቹ ከዳር ወደ መሃል ፈሰሱ። ሲለቀው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ደግሞ ጎበጥ አደረገው። ደጋግሞ እንዲህ ሲያደርግ ራቱ ቀዘቀዘ፤ እናቱም አልተቆጣችም።

ጫና ያለበት መስታወት በፖላራይዝድ ብርሃን ቀለም እንደሚያወጣ መጀመሪያ ያየው ስኮትላንዳዊው ዴቪድ ብሩስተር ነው፤ ከ200 ዓመት በፊት። በኋላ መሐንዲሶች የድልድይና የማሽን ሞዴል በጥርት ያለ ፕላስቲክ እየሠሩ ጫናው የት እንደሚበረታ በዚህ መንገድ ያዩ ነበር። ልጁ ያንኑ በማስመሪያው ሠራው።

ማታ የአክስቴ ልጅ «ለመስኮት እንዲህ ያለ ነገር የሚያዝ ሰው አለ እንዴ?» አለችኝ። የአፍሪካ አዳራሽን መስታወት አስታወስኳት። አፈወርቅ ተክሌ ታዝዞ ነው የሠራው፤ 150 ካሬ ሜትር ባለ ቀለም መስታወት። አፈወርቅ የአንኮበር ልጅ ነው፣ የኛው የሰሜን ሸዋ ሰው። እንግሊዝ አገር የተላከው ማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። እኔ ስለ ብርሃንና መስታወት ማሰብ የጀመርኩት ያንን ሥራ ካየሁ ወዲህ ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21፦ ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ

የማርያም ቀን ነው። እንጦጦ ማርያምን ልሳለም፣ በዚያውም ሰማዩን ልይ ብዬ በጠዋት ወጣሁ። ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ።

ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ድር ወጥሮ ገና ማግ ሳይገባበት አየሁና ቆምኩ። ፊልተሩ ምን እንደሆነ ለልጆች የምነግርበትን መንገድ ያገኘሁት እዚያ ነው። የፊልሙ ውስጥ እንደዚህ ነው፤ አዮዲን የያዙ ረጃጅም ሰንሰለቶች በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተወጥረዋል። ድር ብቻ፣ ማግ የሌለው። ብርሃን በሁሉም አቅጣጫ እየተወዛወዘ ይመጣል፤ ፊልሙ አንዱን አቅጣጫ ይውጥና ሌላውን ያሳልፋል። ሁለተኛ ፊልም በመስቀል ሲደረብበት ግን ድርና ማግ ይሆናል። ጨርቁ ሞላ። ብርሃን አያልፍም። ሸማኔው ይህን ስነግረው መወርወሪያውን አስቀምጦ ሁለቱን ቁራጮች ከእጄ ወሰደ፣ ደራረባቸው፣ አዞራቸው። ሲጨልም «እሰይ!» አለ።

እንጦጦ ስደርስ ነጠላ የለበሰ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። ብርዱ የአገሬን ብርድ ይመስላል፤ የባሕር ዛፉ ሽታ ግን ይበረታል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ተሳልሜ ወጣሁና ከግቢው ውጪ ፊልሙን ወደ ሰማይ አነሳሁ። ፀሐይ ገና በምሥራቅ ዝቅ ብላለች። ከራሴ በላይ ያለው ሰማይ ፊልሙን ሳዞረው ጠቆረ፣ ደግሞ ነጣ። ከፀሐይ በቀጥታ ማዕዘን፣ ማለትም 90 ዲግሪ ርቀት ላይ ያለው ሰማይ ነው ከሁሉም ይበልጥ ፖላራይዝድ የሚሆነው። ጠዋት ይህ ክፍል ከሰሜን ተነስቶ በአናታችን አልፎ ወደ ደቡብ የተዘረጋ መቀነት ነው። አየሩ ንጹሕ ሲሆን ይጎላል። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው።

አንዲት እናት መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዩኝ ቆዩ። «ምን ታያለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ሰማይን ነው እማማ። ይያዙት፣ ያዙሩት።»

ያዙ፣ አዞሩ። ዝም አሉ። ደግመው አዞሩ። «ጠቆረ። መልሶ በራ። እንዲህ ነበር ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው እማማ።»

«እኛ ሳናየው!» አሉና ፊልሙን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ። በሕይወቴ ሥራዬን በዚህ ክብር የያዘልኝ ሰው አላስታውስም።

ከተራራው ላይ የኦብዘርቫቶሪው ነጫጭ ጉልላቶች አሉ፤ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሏቸው። በ2012 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትመጥቅ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋ እዚሁ እንጦጦ ነበር። ሳየው አገሬ ትዝ አለችኝ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው ከተማና ቤተ ክርስቲያን ስለሠሩባት ነው። ያ ብርሃን የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ሰማይ አይቶ አንድ ነገር መሥራት ለኛ አዲስ አይደለም።

ምሳ ሽሮ ሜዳ በያይነት በላሁ፣ 180 ብር። ቀይ ሥሩ ጥሩ ነበር፤ እንጀራው ግን ትንሽ ኮምጥጧል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22፦ ምናለሽ ተራ፣ ቡራዩ፣ ሆለታ

ለተቀደደው ፊልም ምትክ ፍለጋ መርካቶ ወረድኩ። በአብዛኛው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ስክሪን ፊትና ጀርባ ይህ ፊልም ተለጥፏል። ስለዚህ ምናለሽ ተራ የተሰበረ ስክሪን ፈለግኩ። አንዱን በ600 ብር ገዛሁ። ሻጩ «የማይሠራ ነው እህቴ፣ አውቀሽ ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። እሱ የሰጠኝ በርጩማ ላይ ተቀምጬ በምላጭ መላጥ ጀመርኩ። ሙጫው ደርቋል። የእጅ መዳፍ የሚያህል ሲላጥ ተቀደደ። ሌላ ጥግ ጀመርኩ፤ ተቀደደ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ታግዬ የተረፈኝ ለልጆች የሚሰጥ ቁርጥራጭ ብቻ ነው። ለንቧ የሚሆን አልተገኘም። ተራ መስታወት ብቻ በልኳ አስቆርጬ፣ 450 ብር ከፍዬ ሄድኩ።

ከቡራዩ በኋላ አየሩ ይለወጣል። የገፈርሳ ውሃ በግራ በቀኝ አረንጓዴ ታቅፎ ታየ። መናገሻ አካባቢ መንገድ ዳር ድንች በጆንያ ይሸጣል። አደዩ እየረገፈ ቢሆንም በየማሳው ዳር አለ። አስፋልቱ ጥሩ ነው፤ ሾፌሩም ሣጥን መያዜን አይቶ በየጉብታው ቀስ አለልኝ። ገና ሳልጠይቀው! መውረጃዬ ላይ አመሰገንኩት።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ኮሚቴው ይጠብቀኝ ነበር። ሣጥን ስከፍት መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንዱ አባል «ይቅርታ አድርጊልን፣ ይሄ ግን ባዶ መስታወት ነው» አሉ። ፊልተር ሰጠኋቸው። ሁለቱን አይተው ወደዱ። ሦስተኛው ላይ ምንም አይታይም። ምሽት ስለነበረ ከበስተጀርባው የአምፖል መብራት ነው ያለው። «ሁለቱስ ቢሆኑ ሁልጊዜ የሚታይ ቀለም ቢቀቡ ምን አለበት?» አሉ። ሌላዋ ደግሞ መስኮቱ ላይ ትልቅ ማብራሪያ ባነር ይሰቀል አሉ። የቀሪው ክፍያ ነገርም ተነሳ፤ አንዱ ተሰብሮ ስለመጣ ይታሰብበት ተባለ።

ቅር አለኝ፣ ግን ተከራከርኩ። አሜሪካዊቷ ኦስቲን ዉድ ኮማሮ ከ1967 እንደ አውሮፓውያኑ ጀምሮ በዚሁ ዘዴ ስትሠራ እንደኖረች፣ ፖላጅ ብላ ስም እንዳወጣችለት፣ ሥራዋ ቦስተን የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ እንዳለ ነገርኳቸው። ዋናው ነገር ግን እሱ አይደለም። ልጁ ራሱ ሲያዞረው የሚታይ ነገር ከተቀባ ቀለም ይለያል። ያዞረው ልጅ ያገኘው እሱ ነው። ባነር ቀድሞ ከነገረው ምን ይፈልጋል? በመጨረሻ አንድ ቃል ብቻ እንዲጻፍ ተስማማን፦ «አዙሩት»።

እሑድ፣ ጥቅምት 23፦ ሆለታ

መስኮቶቹ ወደ ሰሜን ነው የሚያዩት። ይህን አስቀድሜ በስልክ ነበር የጠየቅኩት፤ እነሱ በምዕራብ በኩል ያለውን ሊሰጡኝ ነበር። ፊልሙ ቀጥተኛ ፀሐይ ሲበዛበት ይደበዝዛል። በኛ አገር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ እስከ ክረምቱ ማብቂያ ነው፤ ክረምቱን ደግሞ ደመናው ይሸፍነዋል። ከደረጃው ላይ ሲታይ ፊት ለፊት ሕንፃ የለም፣ ሰማይ ብቻ።

የአሉሚኒየም ሠራተኛው ጎበዝ ልጅ ነው። አበባውንና ቀፎውን እስከ 5 ሰዓት ገጠምን። ለንቧ ውጪኛውን ተራ መስታወት አድርገን ዘጋናት። ፊልም ሲገኝ ይቀየራል ብዬ። ልጆች የሚያዞሯቸውን ክብ ፊልተሮች በሰንሰለት፣ በአንድ የ8 ዓመት ልጅ ቁመት ልክ ሰቀልን። ጠርዛቸው ላይ ቀይ ነጥብ አደረግኩ፣ የቱ ወደ ላይ እንደሆነ እንዲታወቅ።

ያረፍኩት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያሉ አንድ አባት ቤት ነው። ንብ ያረባሉ። ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ናት፤ እሳቸውም ዘመናዊ ቀፎ ከያዙ ቆይተዋል፣ የባህሉን ግን አልተውም። ድፎ ዳቦና ማር ቀረበልኝ። የአደይ ማር ነው። እዚህ ኪሎው 800 ብር ይሸጣል። የረጋውን ትንሽ ቆንጥሬ በተሰበረው መስታወት ስባሪ ላይ ቀባሁትና በሁለት ፊልተር መሃል አየሁት። ጀርባው ጨለማ ነው። በጨለማው ውስጥ የማሩ ክሪስታሎች እንደ ደቃቅ ጨው እየበሩ፣ አንዳንዱ ወርቃማ፣ አንዳንዱ ሰማያዊ ሆኖ ታየ። አባት በተራቸው አዩት። ሚስታቸውን ጠሩ። ሚስታቸው ጎረቤት ጠሩ።

ከዚያ አባባ የነገሩኝ ነገር አለ። «ንብ ፀሐይ ብትሸፈንም መንገድ አይጠፋባትም። በደመና መሃል ትንሽ ሰማይ ከታያት ይበቃታል። ድፍን ሲል ግን ከቤቷ ብዙም አትርቅም።»

ይህንኑ ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1949 እንደ አውሮፓውያኑ በሙከራ አሳይቶታል። ንብ የሰማዩን ፖላራይዝድ ብርሃን በዓይኗ ታያለች፤ ከዚያ ተነስታ ፀሐይ የት እንዳለች ታውቃለች፣ ለጓደኞቿም በጭፈራዋ ትነግራለች። በ1973፣ ይህም እንደ አውሮፓውያኑ፣ የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው የንብ ጥናቱ ነው ለዚያ ያበቃው። አባባ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው «በመነጽር ነው ያወቀው? እኛ ቁጭ ብለን ነው ያወቅነው» አሉ። ገለቶማ አልኳቸው። ማሩን በማሰሮ አሲዘው ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24፦ ጠዋት፣ ከዚያ መንገድ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ሲሊከኑ መድረቁን ለማየት ደረጃውን ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። እንዲሁ እጄ ሄዶ የንቧን ፊልተር አነሳሁ፣ ቀዩን ነጥብ ወደ ላይ አድርጌ።

ንቧ ቢጫ ነበረች። ክንፎቿ ሐምራዊ። ከሌሎቹ ሁለቱ ይልቅ ቀለሟ ለስለስ ያለ ነው፤ ግን አለች። ከበስተጀርባዋ ምንም ፊልም የለም! ለአፍታ የማየው እውነት አልመስል አለኝ። ከዚያ ገባኝ። ፀሐይ በምሥራቅ ናት፣ እኔ ወደ ሰሜን ነው የማየው። በፀሐይዋና በማየው ሰማይ መሃል ያለው ማዕዘን ወደ 90 ዲግሪ ይጠጋል። የመጀመሪያው ፊልተር ሰማዩ ራሱ ነው። እንጦጦ ላይ እማማ ያዩት ያ ሰማይ።

ዘበኛው ጋሼ መጡ፣ አሳየኋቸው። ተማሪዎች ሲገቡ ሰልፍ ሆነ። 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ግን ቀለሟ እየሳሳ ሄደ፣ ከዚያ ጠፋች። ልጆቹ «ሄደች!» አሉ። እኔም ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን መጥፋት እንደነበረባት ተረዳሁ። ፀሐይ ከፍ ስትል የሰሜኑ ሰማይ ብርሃን የሚወዛወዝበት አቅጣጫም ይዞራል፤ ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመው ቀትር ላይ ይጋደማል። እኩል መንገድ ላይ ሲደርስ ከፕላስተሩ አቅጣጫ ጋር ይገጥማል፤ ያኔ ቀለም የለም። ስለዚህ መመለስ አለባት፣ ቀለሟን ገልብጣ።

4 ሰዓት ላይ ልሄድ የነበርኩት ቀረሁ። ቀትር 6 ሰዓት ላይ ቀዩን ነጥብ ወደ ላይ አድርጌ ፊልተሩን አነሳሁ። ንቧ ሰማያዊ ሆናለች። ክንፎቿ አረንጓዴ። ቅዳሜ «ባዶ መስታወት» ያሉት የኮሚቴ አባል በምሳ ሰዓት መጥተው ረጅም ጊዜ ቆሙ። ከዚያ «ፊልሙን አታምጪ፣ እንዲህ ትሁን» አሉኝ። እኔም ይህንኑ ልለምናቸው ነበር። ቀሪው ክፍያ በዚያው ቀን ተፈረመ።

መመለሻው ሌሊት ሆነብኝ። የማሩ ማሰሮ በብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ ጭኔ ላይ ነበር። ሰንዳፋ ጉብታው ላይ ስንደርስ ሾፌሩን ቀድሜ አስጠነቀቅኩ።

ቤቴ ከገባሁ በሳምንቱ ዘበኛው ጋሼ ደወሉ። ልጆች ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባታቸው በፊት እሷ ጋ እንደሚሰበሰቡ ነገሩኝ። «ዛሬ ግን» አሉ፣ «ሰማዩ ድፍን ብሏል። ንቧ አልወጣችም። ልጆቹን ነገ ተመልሳችሁ እዩ ብያቸዋለሁ።»